ከቻት ብቻ ይታወቃል ወይ?

እህቴ፣ «ወንድሜ ቻት ላይ ከተለወጠብኝ ሰነበተ፤ ከአጻጻፉ ብቻ አደጋ ላይ መሆኑን ማወቅ ይቻላል? የሚከታተልልኝ አፕ አለ?» ላልሽው የደረሰብኝን ልንገርሽ።

ታናሽ እህቴ ድባቴ ውስጥ ስትገባ አንድም ቀን «ከፍቶኛል» ብላ አልጻፈችም። እኔ ደግሞ የምጠብቀው ቃሉን ነበር። ነገሩ የገባኝ በኋላ የ6 ወር ቻታችንን ወደ ላይ እየሳብኩ ሳየው ነው። 3 ደቂቃ ሙሉ በቮይስ የምትለፈልፍ ልጅ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ዞረች፣ ቀጥሎ ወደ «እሺ»፣ በመጨረሻ አውራ ጣት ብቻ ቀረ። ማታ 4 ሰዓት የምትተኛው ልጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ኦንላይን ናት። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ድንገት ረጅም፣ ረጋ ያለ መልእክት ላከችልኝ፤ ካሜራዬን አንቺ ውሰጂው፣ ስላስቸገርኩሽ ይቅርታ ይላል። «ተመስገን፣ ተሻላት» ብዬ የልብ ምልክት ላኩላት። ለካ እየተሰናበተችኝ ነበር። ደግነቱ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ደረሰችላት፤ ዛሬ ደህና ናት።

ስለዚህ ወንድምሽን ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከድሮው ከራሱ ጋር አስተያዪው። ድሮም ዝምተኛ ከሆነ ዝምታው ብዙ አይነግርሽም።

አፑን በተመለከተ፣ እኔ አላምነውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳማሪታንስ የተባለው የብሪታኒያ በጎ አድራጎት ድርጅት «ራዳር» የሚል አውጥቶ ነበር፤ ትዊተር ላይ የምትከተያቸውን ሰዎች ጽሑፍ እየቃኘ የሚያሰጋ ሲያገኝ ኢሜይል ይልክልሻል። የሚቃኘው ሰው ግን አያውቅም። ተቃውሞ በርትቶበት በቀናት ውስጥ ቆመ። ቃል እየቆጠሩ ድባቴን መለየትም ለእኛ ቋንቋ አይመችም። በእንግሊዝኛ በተደረጉ ጥናቶች ድባቴ ያለበት ሰው «እኔ» ማለት ያበዛል፤ በአማርኛ ግን «እኔ» ግሱ ውስጥ ተደብቃለች፣ «ደከመኝ» ብሎ ይጨርሳል። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ «በሳቅ ሞትኩ» የምንል ሰዎች ነን፤ ማሽኑ ማንን ይዞ ማንን ይለቃል?

የቻቱ ለውጥ የሚጠቅምሽ ስልክ እንድታነሺ ነው። ደውይና በግልጽ «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብለሽ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዪው፤ ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከአጠገቡ አርቂ፣ በዚያው ቀን ወደ ባለሙያ አብረሽው ሂጂ።

ቻቱን ስክሪንሾት አድርጎ ለቤተሰብ ግሩፕ መላክ ግን ይቅርብሽ። እኔ አድርጌው 2 ወር አላናገረችኝም።