ቀድማ የምትጨርሰው ልጅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዲፕሎማ የተመረቅሽ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነሽ፤ ክፍልሽ ውስጥ 64 ልጆች አሉ። ከእነሱ አንዷ፣ እናቷ ጉሊት ሽንኩርት የምትሸጠው፣ ሌሎቹ የሒሳቡን መልመጃ ገልብጠው ሳይጨርሱ ሠርታ ታስረክብሻለች፤ ከዚያ ትረብሻለች። ርእሰ መምህሩ «የአንድ ለአምስት መሪ አድርጊያት» ብለውሻል። አንቺ እንዲህ ያሉ ልጆችን መርዳት ሙያዬ ይሁን እያልሽ ነው፤ አጎትሽ ደግሞ «ክፍያውን እኔ ልቻል፣ አካውንቲንግ ተምረሽ ባንክ ግቢ» ይላሉ። መጨረሻ ላይ «ጎበዝ ልጅ እንደሆነ በራሱ ይወጣዋል፤ ለእሱ ብዬ ዕድሌን ላበላሽ?» ብለሽ ጠይቀሻል።

በራሱ አይወጣውም። 11 ዓመት አስተምሬያለሁ። 4ኛ ክፍል እያለ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ነበር፤ ቀድሞ ስለሚጨርስ የአንድ ለአምስት መሪ አደረግኩት። አምስቱን ሲያስረዳ፣ ደብተር ሲሰበስብልኝ ዓመቱ አለቀ። እሱ ራሱ ከመስከረም እስከ ሰኔ አንድም አዲስ ነገር እንዳልተማረ የገባኝ ሰኔ ላይ ደብተሩን ሳገላብጥ ነው። 7ኛ ክፍል ሲደርስ ትምህርቱን ተወ። ምክንያቱ የእኔ ክፍል ብቻ ነበር አልልም፤ ትምህርት ቤት መሄድ ማለት ሌላው እስኪደርስ ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንደሆነ የለመደው ግን እኔ ዘንድ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጓደኛን ማስረዳት ክፉ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤትም የቀደመው የኋላውን ያስነግራል፣ ማለትም ያስጠናል። ነገር ግን እዚያ አስነጋሪው ራሱም የሚቀጥለውን ከመምህሩ ይማራል፤ ፊደል የለየ ወደ ንባብ፣ ንባብ የወጣው ወደ ዳዊት ያልፋል። እኩዮችህ እስኪደርሱ ቆይ የሚለው የለም። ያቺ ልጅም የሚቀጥለውን የሚሰጣት ሰው ነው ያጣችው።

አዲስ ምዕራፍ ልትጀምሪ ስትይ የምዕራፉን ማጠቃለያ ጥያቄ አስቀድመሽ ስጫት። ከ10 ጥያቄ 8ቱን ከሠራች ምዕራፉን ታውቀዋለች፤ የሳተቻቸውን 2 ብቻ አስተምሪያትና በቀረው ጊዜ ሌላ ሥራ ይኑራት። ሌላ 20 የማባዛት ጥያቄ ብትጨምሪባት ግን ፈጥና ስለጨረሰች እንደተቀጣች ነው የምትቆጥረው። ይልቅ እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች ለ3 ሲካፈሉ 1 የሚተርፋቸውን ትፈልግ፤ ከእነሱ የትኞቹም ሁለቱ ተደምረው ለ3 ሲካፈሉ ለምን ሁልጊዜ 2 እንደሚተርፍ በራሷ ቃል ትጻፍልሽ። የእናቷን የሽንኩርት ዋጋ አራት ሳምንት መዝግባ በግራፍ ታሳይ። ይህን ለማዘጋጀት በሳምንት አንድ ምሽት ይበቃሻል።

ደግሞ እንዲህ ያሉ ልጆችን በደረጃ ብቻ አትፈልጊ። በ1921 እ.ኤ.አ. ሉዊስ ተርማን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በካሊፎርኒያ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች በፈተና መምረጥ ጀምሮ ነበር። ተፈትነው ውጤታቸው አልበቃም ከተባሉት ውስጥ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ይገኙበታል፤ ሾክሌይ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። በአንቺም ክፍል 20ኛ የምትወጣ፣ ግን ማንም ያላሰበውን የምትጠይቅ ልጅ ካለች፣ ያንኑ ፈተና ለእሷም ስጪያት።

«ደብል ትምታ ይሆን?» ላልሽው፣ የ4ኛ ክፍሉን ፈተና በደንብ ከሠራች፣ እሷም እናቷም ከፈለጉ ትምታ።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። «የልዩ ተሰጥኦ መምህር» የሚል የሥራ መደብ ወረዳሽ ውስጥ አገኛለሁ ብለሽ አትጠብቂ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውም እንደ አቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ይል ነበር፤ ልዩ ፍላጎት ሲባል ግን የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ አካል ጉዳት ብቻ ነው። ለባለተሰጥኦዎች የተከፈቱት ጥቂት ቦታዎችም በአብዛኛው ሁለተኛ ደረጃ የደረሱትን ነው የሚቀበሉት። የአንቺዋ ልጅ እስከዚያ 6 ዓመት ይቀራታል፤ በእነዚያ ዓመታት ያላት መምህሯ ብቻ ናት። ስለዚህ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ዲግሪ ያዢ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ክፍለ ትምህርቱ አላቸው። በክረምት መርሃ ግብር ካገኘሽ ደግሞ አታመንቺ። እኔ በክረምት ነው የተማርኩት፤ ደመወዜ ሳይቋረጥ፣ ሐምሌ ላይ የሰማሁትን መስከረም ላይ ክፍሌ ውስጥ እየሞከርኩ። እስከዚያ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰዓትሽንና የዓመቱን ተግባራዊ ምርምርሽን በዚህች ልጅና በመሰሎቿ ላይ አድርጊው፤ ሲያልቅ አጎራባች ትምህርት ቤቶች ልምድ ለሚለዋወጡበት ለጉድኝት ማዕከሉ አቅርቢው።

የአጎትሽን ነገር ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዘው የባንክ ማስታወቂያ ሲጠብቁ ዓመት ያለፋቸው ወጣቶች በየጊዜው ወደ እኔ ይመጣሉ። አጎትሽ የኮሌጁን ይከፍሉ ይሆናል፤ ሥራውን ግን ሊሰጡሽ አይችሉም። ሊረዱሽ ከፈለጉ ያንኑ ገንዘብ ለክረምቱ ትራንስፖርትና ለቤት ኪራይ ይስጡሽ። እምቢ ካሉ፣ የሚከፍሉት አንቺን ለመርዳት እንዳልነበር እወቂው። የመምህር ደመወዝ አይበቃም፤ አልዋሽሽም። ማታ ማታ በማስጠናት መደጎም ይኖርብሻል። «ታናሽ ወንድሜንም የማስተምረው እኔ ነኝ» ላልሽው ደግሞ፣ ይህ ያንቺ ብቻ ዕዳ እንዲሆን ማን ወሰነ? ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አሉኝ ብለሽ ጽፈሻል፤ እነሱም ያዋጡ።



ከርእሰ መምህሩም ጋር አትጣዪ፤ «ሁለት ሳምንት ልሞክረውና ውጤቱን ላሳይዎት» በያቸው። ሰኞ ፈተናውን ስጫት፤ ያገኘችውን ከነቀኑ በአንድ ደብተር ያዢ። ለክረምቱ ስታመለክቺ ያ ደብተር ያስፈልግሻል።