አሮጌ ወርቅ ሰጥቶ አዲስ መግዛት፦ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

የሠርግ ወር ሲቃረብ የወርቅ ጥያቄ ይበዛል። ሰሞኑን ከደሴ፣ ከከሚሴ፣ ከወልዲያና ከባቲ የጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁት ቤት ያለውን ጌጥ ሰጥቶ፣ ገንዘብ ጨምሮ አዲስ ስለመውሰድ ነው። ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ባለሱቁ «ይህን ያህል ጨምሩና ውሰዱ» ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ከነገራችሁ እሺ አትበሉ። የአሮጌው ዋጋ ለብቻው ይነገራችሁ። የአዲሱም ለብቻው።

«ልጄን ልድር ነው። የተበጠሰ ሀብልና አንዱ የጠፋ የጆሮ ጌጥ አለኝ፤ ሁለቱም 18 ካራት ናቸው። አንድ ወርቅ ቤት “በእነዚህ ከለወጥሽ የእጅ ዋጋ አልቀበልሽም” አለኝ። ይሻለኛል?» እናት፣ ከደሴ

እንኳን ለዚህ አበቃዎት፣ እናቴ። መጀመሪያ መበጠሱና መጉደሉ አያሳስብዎ። አሮጌ ወርቅ አብዛኛውን ጊዜ ቀልጦ እንደገና ስለሚሠራ የሚታየው ግራሙና ካራቱ (የወርቁ የንጽሕና ልክ) ነው። «ተሰብሯል» ብሎ ዋጋ የሚቀንስ ካለ አይቀበሉት።

ወደ እጅ ዋጋው፣ ማለትም ለሠሪው ድካም ወደሚከፈለው፣ ስንመጣ፣ ነገሩን በሒሳብ እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ብቻ ነው። አዲሱ ሀብል 10 ግራም፣ የግራሙ ዋጋ 10,000 ብር ይሁን። የእርስዎ አሮጌ ደግሞ 8 ግራም ይመዝን።

አንደኛው ወርቅ ቤት በግራም 500 ብር የእጅ ዋጋ ይጠይቃል፤ አሮጌውን ግን በ9,600 ይይዝልዎታል። አዲሱ 105,000 ብር፣ አሮጌው 76,800 ብር ሆነ ማለት ነው። የሚጨምሩት 28,200 ብር ነው። ሁለተኛው የእጅ ዋጋ ትቶልዎታል፤ አሮጌውን ግን የሚይዘው በ8,900 ነው። አዲሱ 100,000፣ አሮጌው 71,200። የሚጨምሩት 28,800 ብር ሆነ። በነጻ የተባለው 600 ብር አስበለጠብዎ።

ስለዚህ «የእጅ ዋጋ የለም» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። «አሮጌውን በግራም ስንት ትይዝልኛለህ?» ብለው ይጠይቁ። ሁለት ሦስት ቦታ ይጠይቁ፤ የወርቅ ዋጋ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ያድርጉት። ቢቻል ሒሳብ የሚችል ልጅ ወይም ዘመድ ይዘው ይሂዱ። ከአዲሱ ጋር ግራሙና ካራቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይቀበሉ ከሱቁ አይውጡ።

«10 ግራም አሮጌ ሰጥቼ 7 ግራም አዲስ ልወስድ ነበር። ጎረቤቴ “ወርቅን በወርቅ እንዲህ መለወጥ በዲናችን አይሆንም” አለችኝ። እውነት ነው?» እህት፣ ከከሚሴ

ጎረቤትሽ እውነቷን ነው። በሸሪዓ ወርቅ በወርቅ ሲለወጥ ክብደቱ እኩል፣ ርክክቡም እጅ በእጅ መሆን አለበት። የአንዱ ማርጀት ወይም የሌላው አሠራር ማማር የክብደቱን ልዩነት እንደማይፈቅድ አብዛኞቹ ዑለማዎች ያስተምራሉ። መውጫው ቀላል ነው። አሮጌውን ሸጠሽ ገንዘቡን ትቀበያለሽ፤ ከዚያ በገንዘቡ አዲሱን ትገዣለሽ። ገንዘቡ እጅሽ ይግባ እንጂ ባለሱቁ በካልኩሌተር ብቻ አቀናንሶ አይጨርሰው። አዲሱን በዱቤ ለመውሰድ ካሰብሽ ግን አስቀድመሽ ሼህሽን ጠይቂ፤ እዚያም ላይ ሕግ አለ።

ይህን መንገድ ለክርስቲያን አንባቢዎቼም እመክራለሁ። ገንዘቡን በእጁ የያዘ ሰው ዋጋው ካልጣመው ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ይችላል። ጌጡን አስረክቦ ደረቱ ላይ አዲስ ሀብል እየለካ ያለ ሰው ግን መከራከር ይከብደዋል።

«18 ካራት ብዬ የገዛሁትን ቀለበት ልለውጥ ብሄድ “14 ነው” አሉኝ። ደረሰኝ የለኝም። እንዴት ላረጋግጥ?» ወንድም፣ ከወልዲያ

ቀለበቱን ውስጡን በደንብ እየው። 750 የሚል ማኅተም ካለው 18 ካራት፣ 585 ከሆነ 14፣ 875 ከሆነ ደግሞ 21 ካራት ማለት ነው። ማኅተም ግን ማንም ሊመታው ስለሚችል ፍተሻው ፊትህ ይደረግ። ጌጡን ጥቁር ድንጋይ ላይ ፈትገው ቢጫ መስመር ያወጣሉ፤ ከዚያ ለ18 ካራት የተዘጋጀውን አሲድ ጠብ ያደርጉበታል። መስመሩ ከቆየ 18 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ከጠፋ ዝቅ ያለ ነው።

ቀለበትህ ጠብቦህ ወይም ሰፍቶህ አስተካክለኸው ታውቃለህ? የብየዳው ቦታ ካራቱ ዝቅ ሊል ይችላል። እዚያው ላይ ብቻ ፈትገው ከፈረዱብህ ሌላ ቦታም ይፈትጉልህ። ከዚያም ሌላ ሱቅ አሳይ። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ 10 ግራም 18 ካራት ውስጥ 7.5 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፤ በ14 ካራት ግን 5.8 ግራም ገደማ ነው።

ማግኔትን አትመነው። ብርና መዳብም በማግኔት አይሳቡም። የሀብል መቆለፊያ ደግሞ ውስጡ የብረት ሞላ ስላለው፣ ወርቁ እውነተኛ ሆኖም ሊሳብ ይችላል።

«የአያቴ የብር ድሪ አለ። ጠገራ ብርም ተንጠልጥሎበታል። በሚዛን ተቀብለው አዲስ የብር ሀብል ሊሰጡኝ ነው። ልለውጥ?» እህት፣ ከባቲ

አትለውጪው፣ እህቴ። በሚዛን ብቻ ከሆነ በፍጹም።

ጠገራ ብሩን ገልብጠሽ እዪው፤ 1780 የሚል ቁጥር ታገኛለሽ። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ከዚያ በኋላም ለረጅም ዘመን ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ሲመታ ስለኖረ፣ ቁጥሩ የዕድሜውን ልክ አይነግርሽም። አንዱ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከመቶ 83.3 እጁ ንጹሕ ብር ነው። የድሮ አንጥረኞቻችን ድሪውን፣ አልቦውን፣ አምባሩን የሠሩት አብዛኛውን ይህንኑ እያቀለጡ ነው። ሚዛን ላይ የሚወጣው ያ ብር ብቻ ነው። የአንጥረኛው እጅ፣ ብዙ ዘመን አንገት ላይ ውሎ የለሰለሰው ገጹ፣ አያትሽ ለበዓል ያጠለቀችው መሆኑ አይመዘንም። ከቀለጠ ደግሞ አይመለስም። በወሎ ስንት እንዲህ ያለ ጌጥ ቀልጦ እንደቀረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ገንዘቡ የግድ ካስፈለገሽ አታስቀልጪው፤ እንዳለ ሽጪው። ሰኞ ባቲ ገበያ የድሮ ጌጥ የሚገዙ ስለማይጠፉ ለብዙዎቹ አሳይተሽ ዋጋ ስሚ። ከመሸጥሽ በፊት ፎቶ አንሺው። የመጀመሪያውን ዋጋ አትቀበዪ። ሳሙናና ፖሊሽ አታስነኪው፤ የድሮ ብር ፈላጊ ጥቁረቱን ይወደዋል።

አጫጭር ጥያቄዎች

*ፈርጥ ያለበት ቀለበት ከነፈርጡ ይመዘናል?* አይመዘንም፤ አሮጌውን ሲገዙህ የፈርጡን ክብደት ይቀንሱታል። አዲሱን ሲሸጡልህም ይቀንሱልህ። ፈርጡን ካወጡት አንተው ውሰደው።

*ቅብ ጌጥ ይለወጣል?* ወርቅ ቤት አይቀበለውም። ላዩ ላይ ያለው ወርቅ እጅግ ስስ ነው።

*የእናቴን ወርቅ መለወጥ አልፈልግም፤ ያው ወርቅ በአዲስ ሞዴል ቢሠራልኝስ?* ይቻላል፣ ደስም ይላል። አንጥረኛው ፊትህ ይመዝነው፣ ፊትህ ያቅልጠው። በማቅለጥና በሞረድ የሚጎድለው ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሲያልቅም እንደገና ይመዘን። የተረፈው ቁርጥራጭ የአንተ ስለሆነ ተቀበል።