በትንሿ ጥይት ጀምሩ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን ከእናንተ አንዱ ድሬዳዋ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሩቅ ዒላማ መምታት ለመማር የትኛው ካሊበር (የጥይት ዓይነት) ይሻለኛል?» አለኝ። ልቡ 6.5 ክሪድሞር በሚባለው የሩቅ ዒላማ ጥይት ላይ ነበር። «በትንሿ ጥይት፣ በነጥብ 22 ጀምር» ስለው ቅር ብሎት ሄደ። ይህን የምጽፈው ለእሱም ለእናንተም ነው።

ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፤ ኪሳችሁን የሚያራቁተው ጥይቱ ነው። ስለዚህ ከመሣሪያው ዋጋ በፊት የመቶ ጥይት ዋጋ ጠይቁ። በዚህ ሚዛን ነጥብ 22ን፣ በሙሉ ስሟ ነጥብ 22 ሎንግ ራይፍልን፣ የሚያህል የለም። እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ናት። በኦሊምፒክ የ50 ሜትር የጠመንጃ ውድድር የምትተኮሰውም እሷው ናት፤ እዚያ የአሥር ነጥቡ ክብ ስፋት 10.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

እኔ በወጣትነቴ ሐረር የጀመርኩት በከባድ ጠመንጃ ነበር። የሚታደለን ጥይት ጥቂት፣ እርግጫው ብርቱ። ጥይቶቼ ሁሉ ከዒላማው በታች ሲያርፉ ጥፋቱን በማነጣጠሪያው አሳበብኩ። አንድ ቀን አሠልጣኜ ሳይነግረኝ ባዶ ቀለህ አጉርሶ ሰጠኝ። ቃታውን ስስብ ምንም አልጮኸም፤ አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ደፋ አለ። ገና ሳይተኮስ እየበረገግኩ ኖሯል! ያን ልማድ ለመተው ዓመታት ፈጀብኝ። በማትራገጥ ጠመንጃ ብጀምር ኖሮ ባልለመድኩት።

ትንሿ ጥይት ለርቀት አትሆንም እንዳትሉ። ዝግተኛ ስለሆነች ነፋስ በቀላሉ ይገፋታል፤ የጠመንጃችሁ ማነጣጠሪያ በ50 ሜትር ከተስተካከለ በ200 ሜትር ላይ ከአንድ ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ታርፋለች። ትልቁ ጥይት በ600 እና በ700 ሜትር የሚጠይቃችሁን የነፋስና የዝቅታ ሒሳብ እሷ በ200 ሜትር ትጠይቃችኋለች። የእኛ አገር አየርም የራሱ ትምህርት አለው። ሐረር ወደ 1,900፣ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥይቱ በየርቀቱ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚያሳይ፣ በባሕር ወለል ልክ የተሠራ ሠንጠረዥ ብትከተሉ ጥይቱ ከጠበቃችሁት ከፍ ብሎ ያርፋል። የድሬ ሙቀት ደግሞ አየሩን ይበልጥ ያሳሳዋል።

እጃችሁ ሲጸና ወደ ትልቁ ጥይት፣ ወደ ነጥብ 308 እለፉ። 6.5 ክሪድሞር ነፋስን በመቋቋም ይበልጠዋል፣ ነገር ግን የጠመንጃው በርሜል ቶሎ ይበላል፤ ለሚማር ሰው ይህ ወጪ ነው።

ትንሽ ናት ብላችሁ ግን አትናቋት፤ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ትሄዳለች፤ ሰውም ልትገድል ትችላለች። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረትም መሣሪያ መያዝ ፈቃድ ይጠይቃል። እዚህም ሁኑ ውጭ አገር፣ በተፈቀደ የተኩስ ሜዳና በአሠልጣኝ ፊት ካልሆነ አትንኩት።

ያን ልጅ የሚያገኘው ካለ ንገሩት፤ ጠዋት ጠዋት ቤት አለሁ። የነፋስ ማስታወሻ ደብተሬን ላሳየው እፈልጋለሁ።