ከሰርግ በፊት፦ የጾም ወጥ፣ የጂም ሕመም፣ የአማት ጉርሻ

ኅዳር ሲገባ የጥር ሙሽሮች ጥያቄ ይበዛል። ብዙዎቹ ድሮ ጠዋት ጠዋት የሚሮጡ፣ ለምግባቸው የሚጠነቀቁ ልጆች ናቸው። ሥራው፣ ቤት ፍለጋው፣ የሰርጉ ሽር ጉድ ሲደራረብ ሁሉንም ትተውታል። አሁን በጥቂት ሳምንት መመለስ ይፈልጋሉ። መመለስ ይቻላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ራስን በማስራብ ለመመለስ ሲሞከር ነው።

«ሰርጌ አሥር ሳምንት ቀርቶታል፤ አሥር ኪሎ መቀነስ እፈልጋለሁ። ጾሙ ስለሚገባ በዚያው እቀንሳለሁ ብዬ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን በጾም ጨመርኩ። ለምን?» (ሙሽሪት፣ ከገርጂ)

በጾም የሚወፍር ሰው ብዙ ነው። ሥጋና ቅቤው ይቀራል፣ ዘይቱ ግን ይጨምራል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ ከጀሪካኑ እየተንቆረቆረ ሲገባ ማን ይቆጥረዋል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ይቆይና ሳምቡሳና ፓስቲ ይከተላል። ማታ ደግሞ ሁለት እንጀራ።

ከኅዳር 15 ጀምሮ እንዲህ አድርጊ። ሽንኩርቱን በደረቁ አቁላዪው፤ ሲይዝብሽ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ዘይቱን ከዚያ በኋላ በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ። ለአራት ሰው ሽሮ ሁለት ማንኪያ ይበቃል። ስትበዪ ከምስሩ፣ ከጎመኑና ከሰላጣው ጀምሪ፤ እንጀራው አንድ ይሁን። ባቄላ፣ ሽምብራ ወይም ምስር በየቀኑ ከገበታሽ አይጥፋ። ፕሮቲን ካነሰሽ ኪሎ ስትቀንሺ ጡንቻሽም አብሮ ይሄዳል።

አሥር ኪሎውን ግን ተዪው። ጤናማ የሚባለው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ነው፤ አሥር ኪሎ የሚሞላው በየሳምንቱ የላይኛውን ልክ ስትመቺ ብቻ ነው። በአሥር ሳምንት አምስት ኪሎ ከቀነስሽ ትልቅ ነገር ነው። ቬሎሽን ዛሬ ባለሽ ልክ ምረጪ፤ ማጥበብ ከማስፋት ይቀላል። የመጨረሻውን ልክ ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ተለኪ።

«ጂም ከተውኩ ዓመት አልፎኛል። ሰኞ ተመልሼ የድሮዬን ያህል አነሳሁ፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃ መውረድ አቅቶኛል። ልቀጥል?» (ሙሽራ፣ ከአዳማ)

ሰውነትህ ተሳስሯል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቅሃል። እስኪለቅህ አትተኛ፣ ቀስ እያልክ በእግርህ ተንቀሳቀስ። ስትመለስ ከድሮው ግማሹን አንሳ፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትጨምራለህ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርህ። ሽንትህ እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ወይም ጡንቻህ አብጦ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂድ። ከልክ በላይ የተጎዳ ጡንቻ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊትን ይጎዳል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። በሳምንት አምስት ቀን፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ማለት ነው። እጮኛህን ይዘህ ውጣ። ስለ አዳራሹና ስለ ጥሪ ካርዱ የምትነጋገሩበት ጊዜም ታገኛላችሁ።

«ቲክቶክ ላይ የሚሸጡት የማቅጠኛ ሻይ ይሠራል?» (ሚዜ፣ ከሐዋሳ)

አትጠጪው። ብዙዎቹ ሰናመኪ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ ነገር አለባቸው። የሚወጣው ውሃ ነው፣ ስቡ እዚያው ነው። ውሃ ስትጠጪ ኪሎው ይመለሳል። የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ ከባድ ተቅማጥ ሥራውን ሊያሰናክለው ይችላል።

«ጥሪ በዝቶብኛል። ዛሬ አክስቴ ጋ፣ ነገ የእጮኛዬ እናት ጋ። አልበላም ካልኩ ንቀት ይመስላል። ምን ላድርግ?» (ሙሽሪት፣ ከባሕር ዳር)

አልበላም አትበዪ። ደስ ብሎሽ ብዪ፣ ግን ተርበሽ አትሂጂ፤ ከመሄድሽ በፊት አንድ ሙዝ ወይም እፍኝ ቆሎ ቅመሺ። ገበታ ላይ ቀስ በዪ፤ ቶሎ የጨረሰ ሰው ነው የሚጨመርለት። ጉርሻ ሲመጣ ተቀበዪና አንቺም አጉርሺ። እጅሽ ለሌላው ሲጠቀልል አንቺ ብዙ አትበዪም፣ አማትሽም ደስ ይላቸዋል። ሲጨምሩልሽ «እማዬ፣ ቬሎው እንዳይጠበኝ ፈርቼ ነው፣ ይብቃኝ» ብትዪያቸው የሚቀየሙ አይመስለኝም። ለስላሳውን ግን በውሃ ተኪው። አንዱ ትንሽ ጠርሙስ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር አለው።

«ሰርጋችን ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቶሎ መውለድ እንፈልጋለን። ዳይቱን እስከ መጨረሻው ብገፋበት ችግር አለው?» (ሙሽሪት፣ ከአዲስ አበባ)

አለው። አሁን ምግብ የምትቀንሺበት ጊዜ አይደለም። ዛሬ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቫይታሚን ኪኒን ጀምሪ፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም። ኪኒኑ የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ በደንብ እንዲዘጋ ይረዳል፤ ቱቦው የሚዘጋው ደግሞ ከተፀነሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ነው። ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም። የእርግዝና ክትትል ስትጀምር ቢሰጣት ጊዜው አልፏል። ለዚህ ነው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት መጀመር ያለበት። በአገራችን ይህ ቱቦ በደንብ ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከፍተኛ ስለሆነ ለእያንዳንዷ ሙሽራ ይህን እደጋግማለሁ። ጎመንና ምስር ጥሩ ናቸው፣ ብቻቸውን ግን አይበቁም። የስኳር ሕመም ካለብሽ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት ችግሩ ያለበት ልጅ ወልደሽ ከሆነ የምትወስጂው መጠን ስለሚለይ መጀመሪያ ሐኪም አማክሪ።

እዚያው ሳለሽ የደም ማነስ ምርመራም ተመርመሪ። ሻይና ቡና የምግቡን ብረት እንዳይሻሙብሽ ከበላሽ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። ጥሬ ሥጋም ለፅንስ አደገኛ የሆነ ተውሳክ ሊይዝ ስለሚችል ከአሁኑ ይቅርብሽ። በመልሱ ቀን ክትፎ ሲቀርብ በደንብ የበሰለውን ጠይቂ።