ሥራው ያለው እግሩ ከመድረሱ በፊት ነው

እህቴ፣ «ፊዚዮቴራፒ ተመርቄ ድሬዳዋ ደርሶኛል፤ እግር የተቆረጠባቸው ሰዎች ተሃድሶ ላይ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ድሬ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼበታለሁና ግቢበት እልሻለሁ። ደሞዙ ያው የመንግሥት ደሞዝ ነው። ስለ ሥራው ግን ልንገርሽ።

ብዙ ሰው ሥራችን ሰው ሠራሽ እግር አስገጥሞ ማስኬድ ይመስለዋል። ዋናው ነገር የሚወሰነው ግን ገና እግሩ ሳይሠራ ነው።

በመጀመሪያ ዓመቴ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠ የባጃጅ ሹፌር ነበረኝ። ቁስሉ ደህና እየዳነ ስለነበር እሱን ብቻ አይቼ እመለስ ነበር። እናቱ ልጄን ይመቸው ብለው ከጉልበቱ ሥር ትራስ አድርገውለታል። አታድርጉ ያላቸው የለም፤ እኔም አላልኩም። ከሁለት ወር በኋላ ጉልበቱ እንደታጠፈ ደረቀ። ካልተዘረጋ ደግሞ ሰው ሠራሽ እግሩ በወጉ አይገጠምም። ለማዘርጋት ወራት ፈጀብን። ልጁ ጥርሱን ነክሶ ሲያለቅስ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ማግስት ዋርድ ግቢ። ትራሱን አውጪ። ሐኪሙ ሲፈቅድ ታካሚውን በሆዱ አስተኚው። የተረፈው እግር ላይ ፋሻው ስምንት ቁጥር እየሠራ ይጠምጠም፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ይበል። ዙሪያውን ብቻ ከታሰረ ጫፉ ያብጣል። ቤተሰቡ ራሱ ጠምጥሞ ሳያሳይሽ አትሂጂ። ኦሮምኛና ሶማልኛም ተለማመጂ፣ ትራሱን የምታስወጪው በእናትየው ቋንቋ ነው።

አንዳንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሌለው እግሬ ጣቱን ያሳክከኛል» ይልሻል። አበደ እንዳይባል ፈርቶ ነው። ነርቩ ገና መልእክት እንደሚልክና ብዙዎች ላይ እንደሚታይ ንገሪው። ፊቱ ወዲያው ሲፈታ ታያለሽ።

ሰው እኛንም «ወጌሻ» ይለናል። በዚያው ስም የተሰበረ እጅ ወይም እግር ከልክ በላይ ታስሮ፣ ደም ተቋርጦበት የተቆረጠ ሕፃንም ይመጣልሻል። እናቱ ፊት ወጌሻውን እንዳትራገሚ። እሷ በፀፀት እየነደደች ነው።

መሣሪያ የለም ብለሽም አትፍሪ። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የአካል ተሃድሶ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጀምር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አገሮች አንዷ ነበረች። ዛሬም ብዙው እግር የሚሠራው ኮሚቴው ካስፋፋው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ቀላልና ርካሽ ፕላስቲክ ነው። ግን በድሬ ሙቀት ውስጡ ያልባል፤ በተረፈው እግር ላይ ከውስጥ የሚጠለቀውን ካልሲ በየቀኑ ማጠብና መቀየር ግድ ነው፣ አለዚያ ቆዳው ይላጣል። ሐረር ጀጎል የሚኖረውን ደግሞ ለስላሳ ወለል ላይ ብቻ አስለምደሽ አትላኪው። ሰፈሩ ድንጋይና ዳገት ነው፤ ቁልቁለት መውረድን እዚሁ ይልመድ።

ሕፃን ስለሚያድግ በየ6 ወሩ ገደማ ሰው ሠራሽ እግሩ ይቀየራል። እናም አትለያዩም። እናቱ አዝላ ያመጣችው አንድ ልጅ አሁን ትከሻዬን አልፏል፤ ባለፈው ሳምንት ብቻውን በባጃጅ መጣ። ከመወሰንሽ በፊት አንድ ጠዋት ነይና ዋርድ አብረን እንዙር።