ወለሉ የቱ ነው? ላይኛው ወይስ ታችኛው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ስለ ባሕር አንድ ጽሑፍ ሳነብ ግራ ገባኝ። መጀመሪያ «ተራራው ከባሕር ወለል 4,207 ሜትር ከፍ ይላል» ይላል። ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ ደግሞ «የባሕር ወለል በደለል ተሸፍኗል» ይላል። ደለል ውኃ ላይ አይነጠፍ ነገር! ወለል የሚባለው የትኛው ነው? በዚያው ሞገድን፣ ማዕበልንና ጅረትንም ይለዩልኝ።

መልስ፦ ግራ ቢገባዎት አይፈረድብዎትም። ጸሐፊው በአንድ ቃል ሁለት ቦታ ረግጧል።

የጠቀሱት ቁጥር በሃዋይ ያለው የማውና ኬያ ከፍታ ነው። ለጥያቄዎ ልክክ የሚል ተራራ ነው። ከውኃው በላይ ያለው ቁመቱ 4,207 ሜትር ነው። እግሩ ግን ባሕር ውስጥ ነው። ከእግሩ ተነሥተው ቢለኩት ከ10,000 ሜትር ያልፋል። ኤቨረስት እንኳ 8,849 ሜትር ነው። እንግዲህ «ማውና ኬያ ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ነው?» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ ቢወጣ ሁለት መልስ አለው። ሁለቱም ልክ ናቸው። መምህሩ አንዱን ኤክስ ቢያደርግ ተማሪው ምን አጠፋ?

ወለል ስንል ቶሎ የሚመጣልን የቤት ወለል ነው፤ የምንረግጠው። ግን «በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ» እንላለን። «ሜዳው ወለል ብሎ ታየኝ» እንላለን። እዚህ ያለው ስሜት የተዘረጋ፣ ያልተከለለ ነገር ነው። ባሕር ዳር ቆሞ ውኃውን ያየ ሰው ፊቱን ወለል ቢለው አይገርመኝም።

«ከባሕር ወለል በላይ» ሥር የሰደደ አነጋገር ነው። «በላይ» የሚለው ቃልም ይደግፈዋል፤ እሱን ስሕተት ነው ብዬ አልሟገትም። የሚያስቸግረው «የባሕር ወለል ከፍ አለ» ሲባል ነው። በረዶ ቀልጦ ውኃው ጨመረ? ወይስ ከታች ያለው መሬት ተነሣ? ሁለቱም የሚሆን ነገር ነው። ከውቅያኖሶች ሥር 65,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጋደመ የተራራ ሰንሰለት አለ። እዚያ የቀለጠ ዐለት እየወጣ፣ እየበረደ አዲስ ወለል ይሠራል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፦ ለላዩ ጠለል፣ ለታቹ ወለል። «ውኃው ጠለለ» ስንል ረጋ፣ ደለሉ ወርዶ ጠራ ማለታችን ነው። የባሕር ከፍታ ሲለካም የሚወሰደው አማካዩ ነው። ሞገዱም፣ በጨረቃና በፀሐይ ስበት የሚመጣው ሙላትና ጉድለትም ተቀናንሶ፣ ባሕሩ ቢረጋ የሚኖረው ልክ ማለት ነው። ስለዚህ «ጠለል» ለእኔ ጆሮ በደንብ ይገጥማል። ታቹን ጭራሽ እንዳያምታታ ከፈለጉ ደግሞ «የባሕር ግርጌ» ይበሉት።

ጠለል ስል ግን እንደ ጠረጴዛ ልሙጥ ነው ማለቴ አይደለም። ግርጌው ላይ ትልቅ ተራራ ካለ፣ ስበቱ ውኃውን ወደ ራሱ ይሰበስባል። ከላይ ባሕሩ ጥቂት ሜትር ጉብ ይላል። በዓይን አይታይም፤ ሳተላይት ግን ይለካዋል። አብዛኛው የባሕር ግርጌ ካርታ የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ባጭሩ ጠለሉ ወለሉን ያሳብቃል። ይህችን ዓረፍተ ነገር እስቲ «ወለል» በሚለው ቃል ብቻ ለመጻፍ ይሞክሩ!

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ሞገድ ሲያልፍ ውኃው ራሱ ብዙም አይሄድም። ባሕር ላይ የተጣለ ቡሽ ይመልከቱ። ከፍ ይላል፣ ወደፊት ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ወደ ኋላ ይላል፤ ከሞላ ጎደል እዚያው ይመለሳል። የተጓዘው ጉልበቱ ነው። ጅረት ግን ውኃው ራሱ ሲነጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሰሜን ፓስፊክ ላይ ከአንድ መርከብ ኮንቴይነር ወድቆ ወደ 29,000 የሚጠጉ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ባሕር ውስጥ ተበተኑ፤ ቢጫ ዳክዬዎችም ነበሩባቸው። ከወራት በኋላ አላስካ ዳርቻ ላይ ይለቀሙ ጀመር። ያደረሳቸው ጅረትና ነፋስ ነው። «ሞገድ ወሰዳቸው» ቢባል አይሆንም። «ጅረት ትንሽ ወንዝ አይደለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ነው፤ ግን ኤሌክትሪኩም ጅረት ተብሎ ለምደነዋል።

ማዕበል የተቆጣ ሞገድ ነው። ሱናሚ ላይ ግን ነገሩ ይጣፍጣል። ባሕር መሐል ሲያልፍ ከፍታው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። መርከበኛው ላያውቀውም ይችላል። ፍጥነቱ ግን ጥልቀቱ 4,000 ሜትር በሆነ ቦታ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ዳር ሲጠጋ ወለሉ እየተነሣ ይመጣል፤ ያኔ ፍጥነቱ ይወርድና ቁመቱ ያድጋል። መሐል ላይ ሞገድ፣ ዳር ላይ ማዕበል ብለው ቢጽፉ አልቃወምም። «የሱናሚ ሞገድ» የሚለውን ግን ይተዉት። በጃፓንኛ «ሱ» ወደብ ነው፤ «ናሚ» ሞገድ ነው። ሞገድ ላይ ሞገድ ይሆንብዎታል።