«ተመስገን በይ» ማለት ለሰለቻት የደሴ ወጣት

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ነገሩን ለሌሎች አንባቢዎች በአጭሩ ላስረዳ። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር የሱቅ ዱቤ ደብተርን የሚተካ የስልክ መተግበሪያ ሠርታችሁ ደሴ ላይ ከጀመራችሁ አሥራ አራት ወር ሆኗችኋል። 23 ሱቆች ይጠቀሙበታል፤ ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍሉት ግን 9 ብቻ ናቸው። ከሦስታችሁ አንዱ ባለፈው ወር ባንክ ተቀጥሮ ሄደ። እናትሽም፣ ጎረቤቱም፣ ቡና ላይ የሚሰበሰበው ሁሉ «አብሽሪ፣ ተመስገን በይ» ይልሻል። አንቺ ደግሞ «ተመስገን ማለት ሰለቸኝ፤ ልቤ ሳይጨልም እንዴት ልቀጥል? ወይስ እኔም ሥራ ልፈልግ?» ትያለሽ።

መሰልቸትሽን አልነቅፍም። «አብሽር» እኛ ወሎዎች ለታመመም፣ ለከሰረም፣ ፈተና ለወደቀም የምንለው ደግ ቃል ነው። ሰሚው ምን እንደገጠመው ሳይጠየቅ ሲባል ግን አፍ ማዘጊያ ይሆናል። ሰው የገዛ አፉን በዚሁ ቃል ሲያዘጋ ደግሞ ይብሳል። እኔ ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ከፍቼ ነበር። ተማሪ ሲቀንስ ተመስገን፣ ኪራይ ሲጨምር ተመስገን እያልኩ የሂሳብ መዝገቤን ሳልገልጥ አምስት ወር ቆየሁ። ስገልጠው የሦስት ወር ኪራይ ዕዳ ጠበቀኝ። አመስጋኝ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መዝገቡን ፈርቼ ኖሯል።

ስለዚህ ተመስገን ማለትን እንድትተዪ አልመክርሽም፤ እንድትዘረዝሪው ነው የምመክርሽ። አንቺ የዱቤ ሰው ነሽ፤ ባለ ሱቅ እንዴት እንደሚጽፍ ታውቂያለሽ። «ሰፈሩ ሁሉ ዕዳ አለበት» ብሎ የሚጽፍ የለም። ስም፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ ቀን ይጽፋል። የአንቺም የውለታ ደብተር እንደዚያ ይሁን፤ ማን፣ መቼ፣ ምን አደረገልኝ? «ለሁሉም ነገር ተመስገን» ከሚለው ይልቅ «ማክሰኞ ዕለት ፒያሳ ያሉት ነጋዴ ወረፋ የያዘ ደንበኛ አስቁመው ለምን እንደማይከፍሉ አስረዱኝ» የሚለው ይጠቅምሻል፤ ምክንያቱም ነገ ምን መሥራት እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማከላ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱን የተማሪዎች ቡድን ለአሥር ሳምንት በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች፣ ሌላውን ቡድን ያማረሩትን ነገሮች አስጽፈው ነበር። ምስጋና የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት፣ ስለሚመጣው ሳምንትም የተሻለ ተስፋ አሳዩ። በሳምንት አንዴ መሆኑን ልብ በይ፤ ማለዳ ማለዳ ካልጻፍኩ ብለሽ ራስሽን አታስጨንቂ። እሑድ ማታ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲያልፍ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ሰዎች በወጉ ላላመሰገኑት ባለውለታ ደብዳቤ ጽፈው በአካል እንዲያነቡለት አደረጉ። የጸሐፊዎቹ ደስታ በግልጽ ጨመረ፤ ወር ያህል ቆይቶ ግን ደበዘዘ። እኔ ይህን መደብዘዙን እወደዋለሁ፤ በአንድ ቀን ሞቅታ ዓመቱን ሙሉ ለመኖር የሚያስብን ሰው ያስተካክላል።

በደብተሩ ግራ ገጽ ውለታውን ስትጽፊ በቀኙ ገጽ ያልሠራውን ጻፊ። የከፈሉ 9፣ ያልከፈሉ 14፣ በእጅ ያለ ገንዘብ ይህን ያህል። አንዱ ገጽ ሌላውን እንዲሸፍነው አትፍቀጂ።

አሁን ባንክ ወደተቀጠረው ጓደኛሽ ልምጣ። ሦስት ገጽ ሙሉ የጻፍሽው ስለ እሱ ነው፤ «ከዳን» የሚለውን ቃልም አራት ጊዜ ቆጠርኩ። በዚያው ደብዳቤ መካከል፣ ሳታስቢው ይመስለኛል፣ የመጀመሪያውን ፕሮግራም እሱ ብቻውን በሁለት ወር እንደጻፈውና መብራት ሲጠፋ ሆቴል እየሄደ በራሱ ሻይ ሂሳብ ይሠራ እንደነበር ነግረሽኛል። ይህ የውለታ ደብተርሽ የመጀመሪያ መስመር ነው። ጻፊለት፤ ያንኑ ሁለት ወር ጠቅሰሽ አመስግኚው። የእናቱን ጡረታ ለመደጎም ደመወዝ ያስፈለገው ሰው ከዳተኛ አይባልም። ምስጋናው ግን ውሉን አይተካም። ከድርጅቱ ምን ያህል ድርሻ እንደሚቀረው፣ የፕሮግራሙ ባለቤትነት የማን እንደሆነ በወረቀት ላይ አስፍራችሁ ተፈራረሙ፤ የሚቻል ከሆነ ከምስጋናው በፊት፣ አለዚያ ማባበያ ይመስልበታል። ፍቅር ባለበት ወረቀት ምን ያደርጋል የሚሉሽ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፤ አክብረሽ ስሚያቸውና ተፈራረሚ።

ሥራ መፈለግን በተመለከተ አንድ ያልነገርሽኝ ነገር አለ፤ ገንዘባችሁ ስንት ወር ያቆያችኋል? ከሦስት ወር በታች ከሆነ በግማሽ ቀን የምትሠሪው ሥራ ያዢ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ የሂሳብና የዕቃ ቆጠራ ሥርዓት የሚዘረጋላቸው ሰው የሚሹ ድርጅቶች አይጠፉም፤ እግረ መንገድሽንም ነጋዴን ታጠኚያለሽ። ከስድስት ወር በላይ ካለሽ ቀን ቁረጪ፤ እስከዚያ ቀን ከፋይ ሱቆች ሃያ ካልደረሱ መንገዱን እንደምትቀይሪ ለቀረው አጋርሽ አሁኑኑ ንገሪው። ቀን የሌለው ተስፋ ቤተሰብንም ያደክማል።

የመጨረሻው ያሰመርኩበት መስመር ያለው በቅሬታሽ መካከል ነው። ሰኞ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያላቸው እናት መተግበሪያውን መልሰው ደብተራቸውን አወጡ፤ «ይህ ስልክ አፉ ማለት አያውቅም» አሉሽ፤ ዕዳን ይቅር ማለት አያውቅም ማለታቸው ነው። አንቺ ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገሽ ጻፍሽው። እስቲ ደግመሽ አንብቢው። እኚህ ሴት ደንበኛቸው ሲሞት፣ ቤቱ ሲቃጠል፣ ሥራ ሲያጣ ዱቤውን ይሰርዛሉ። በ2014ቱ ጦርነት ሱቃቸው ባዶ ቀርቶ እንደገና የቆሙ ነጋዴዎችን ጠይቂ፤ አከፋፋይ ትቶላቸው ያውቃል፣ እነሱም ለደንበኛ ትተው ያውቃሉ። እናንተ ግን ዕዳ የሚያልቀው ሲከፈል ብቻ ነው ብላችሁ ነው የሠራችሁት። አሥራ አራት ወር ሙሉ ማንም ያልነገራችሁን ጉድለት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሩሽ፤ ያውም በነፃ።

ውለታቸውን ዛሬ ማታ ስማቸውን ጠቅሰሽ ጻፊ። ከዚያም «አፉ» የሚል ቁልፍ ሠርታችሁ፣ ከአንድ ኪሎ ቡና ጋር ስልኩን ይዘሽ ሱቃቸው ሂጂና የመጀመሪያውን ዱቤ እሳቸው ራሳቸው እንዲሰርዙ ስጫቸው።